መቶ አምስት ዲግሪ

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው፣ ማክሰኞ ረፋዱን፣
የላቦራቶሪው ቆርቆሮ ሲንጣጣ፣ አልችል ብሎ ንዳዱን፣
ከደሴ መጣች ጦይባ፣ ሐረጎን በሚኒባስ ወርዳ፣
ግማሽ ጆንያ አፈር ታቅፋ፣ እንደ ታመመ እንግዳ።

«ከቤቴ ሥር የቆፈርኩት ነው፣ ከጦሳ ግርጌ፣ ከጓዳው፤
ባለፈው ክረምት ግድግዳው ተቀዶ፣ ጣቴን አስገባሁ በቀዳዳው።
ንገረኝ ሙሄ፣ ይችለኛል? ወይስ ልውጣ ሳይከዳኝ?»
ምድጃውን እንጠይቅ አልኳት። ግምት ነው ብዙ ጊዜ የጎዳኝ።

ሁለት ጣሳ ሞላሁ። አንዱን ከሷ ዋልካ ጭቃ፣
ሌላውን ከቦርከና አሸዋ፣ ለማነጻጸሪያ የሚበቃ።
መቶ አምስት ዲግሪ ላይ አሳደርኳቸው፣ በር ዘግቼ።
ጠዋት እሷም ተመልሳ መጣች። አየናቸው፣ አውጥቼ።

አሸዋው ላቡን ጠረገ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነ፤
ማታ በእርጥበት ተያይዞ የነበረው፣ ጠዋት በየፊናው ተበተነ።
ሙቀት አይለውጠውም፤ ፍሬ ከፍሬ አይዋደድም፤
ዙሪያውን አጥረው ጫን ካሉት ግን፣ ፎቅ ቢቆምበት አይናድም።

ጭቃው ኩርፊያ ያውቃል። ከጣሳው ጠርዝ ሸሸ፣ ጠበበ፤
መዶሻ እስኪመልስ ጠነከረ፤ ፊቱ ግን ተሸበሸበ።
መሀል ለመሀል ስንጥቅ።

«ጠነከረልኝ!» አለች ደስ ብሏት፣ በጥፍሯ መትታ።
ምን ልበላት? ከቧንቧው ውሃ ቀዳሁ በዝግታ።
ጠብታ።
ሌላ ጠብታ።
ሲስስ አለ፤ ጠጣ፤ ጫፍ ጫፉ እየረገፈ፣
ስንጥቁ አፍ ሆኖ፣ ውሃውን እያሳለፈ፣
ሻዬ ሳይበርድ ያ ድንጋይ ገንፎ ሆኖ ተኛ።
የበጋ ጥንካሬ፣ አየሽ፣ አይሆንም መተማመኛ።
ፀሐይ ያደረቀው፣ ሐምሌ ሲመጣ ጭቃነቱን ያስታውሳል፤
በሩን የሚከፍተው በጋ ነው፤ ክረምት ገብቶ ያፈርሳል።

ዝም አለች። መስኮቱ ጋ፣ ወረቀት እንዳይበር የምጭነው፣
አንድ ጡብ አለኝ፤ ከአጎቴ ከአራጋው እቶን የወጣ ነው፤
ጥግ ጥጉ ተሸርፏል፣ አውራ ጣቱ አሁንም ይታያል ጎኑ ላይ።
«ይሄስ?» አለች፣ ሳትነካው፣ ፈርታ ሩቅ እንደሚያይ።

«እሱም እንዳንቺው ጭቃ ነበር። ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ገብቶ ወጣ።
ከዚያ ወዲህ ውሃ አይፈታውም፤ መመለሻ መንገዱን አጣ።»

አነሳችው። በሁለት እጇ መዘነችው። ዓይኗን ከሱ ሳታነሳ፣
«ታዲያ» አለች፣ «መጋገር አይቻልም፣ ጠቅላላውን ጦሳ?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ፤
ሪፖርቱን ስጽፍ እንኳ ልቤ ያሰላ ነበረ፦
ስንት መኪና ባሕር ዛፍ፣ ስንት ዓመት የጭስ ደመና፣
ደሴ እያሳለች ስትተኛ፣ እያሳለች ስትነቃ፣ ገና
ጦሳ እንደ ጋን እስኪቀላ፤
ከዚያ በኋላ
ዝናቡ በላዩ ሲንሸራተት፣ ምንም ሳይቦረቡረው፣
ምንም ሳይናድ፣
ግን ሣር የት ሥር ይስደድ? ገብሱስ ምን ላይ ይዘራ፣ ማን ይጎልጉለው?
ጡብ አያበቅልም። ይህን አልነገርኳትም።
ሪፖርት ውስጥ ቦታ የለውም።

የጻፍኩላት ይሄ ነው፦ መሠረቱ ይውረድ፣ ስንጥቁ እስከማይደርስበት፣
በጋና ክረምት እርጥበቱ እስከማይለዋወጥበት፤
ከቤቱ ጀርባ ቦይ ይቆፈር፣ ውሃው ዞሮ የሚሄድበት፤
ባዶውን በአሸዋ ሙይው፣ ግራ ቀኙን በድንጋይ አጥረሽ።
ማኅተም መታሁበት። «በርቺ» አልኳት፣ «ይቆማል፣ ሰነፍ ካልሆንሽ።»

አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። ሚኒባሱ እንዳያመልጣት ሮጠች።
ጆንያውን ረስታዋለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ፣
ወረቀቶቼ ክፍሉን ሲሞሉት፣ ያኔ ነው የገባኝ፦
ጡቡን ይዛው ሄደች።